በጀሪካን ውኃ ስትረስን መለካት

ከፖሊካርቦኔት (ጥርት ያለ ፕላስቲክ) የተቆረጠ፣ መሐሉ 10 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናሙና በሁለት ፖላራይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ፊልም) መካከል አንጠልጥሉና ከሥሩ ባዶ ጀሪካን እሰሩበት። ከዚያ በጆግ ቀስ እያላችሁ ውኃ ጨምሩ። ጥቁር የነበረው ፕላስቲክ ግራጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ ነጭ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ጠቅላላ ክብደቱ 7 ኪሎን አለፍ ሲል ቀዩ ወደ ሰማያዊ ይገለበጣል። በሁለቱ መካከል ብቅ የምትለዋ ሐምራዊ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ግማሽ ሊትር ያህል ውኃ ብትጨምሩ ታልፋለች። ፎቶውን አንስቶ ፕሮጀክት ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። ቁም ነገሩ ግን ያቺ ሐምራዊ በስንት ኪሎ እንደመጣች መጻፉ ላይ ነው፤ ያ ቁጥር ከሌለ ቀለሙ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

የሚሆነው ይህ ነው። ፕላስቲኩ ሲሳብ፣ በመሳቢያው አቅጣጫ የሚርገበገበው ብርሃንና ወደ ጎን የሚርገበገበው ብርሃን በእኩል ፍጥነት አያልፉም። አንዱ አንዱን ቀድሞ ይወጣል፤ ሁለተኛው ፖላራይዘር ሲያገናኛቸው መቀዳደማቸው ቀለም ሆኖ ይታያል። ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዴቪድ ብሩስተር እ.ኤ.አ. በ1816 ይህንኑ በመስታወት ላይ ያየውን አሳትሟል። ሒሳቡ አጭር ነው፤ የፍሪንጁን ቁጥር (ቀለሙ ስንት ዙር እንደጨረሰ፤ የመጀመሪያዋ ሐምራዊ አንድ ናት) በቁሱ ቋሚ አባዝቶ ለውፍረቱ ማካፈል። የሚገኘው ግን ስትረሱ (በቁሱ ውስጥ በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፈው ኃይል) ራሱ ሳይሆን በሁለቱ ዋና ስትረሶች፣ ማለትም እርስ በርስ ቀጥ ባሉ ሁለት አቅጣጫዎች ባሉት ትልቁና ትንሹ ስትረስ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ፣ ፕላስቲኩ የቱንም ያህል ቢጨነቅ ጥቁር ሆኖ ይታያል። «ጥቁር ነው፣ እዚህ ጋ ጭነት የለም» የሚል ሪፖርት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የፖሊካርቦኔት ቋሚ በሶዲየም ቢጫ ብርሃን ወደ 7 ኒውተን በሚሊ ሜትር ለአንድ ፍሪንጅ ነው። ኢፖክሲ ከ10 እስከ 12 አካባቢ ይሄዳል። ፖሊዩሬቴን ጎማ ደግሞ 0.2 ገደማ ስለሆነ በጣት ጫን ሲሉት እንኳ በቀለም ይሞላል፤ ለማሳያ ግሩም ነው፣ ለልኬት ግን ቅርጹ ራሱ ስለሚለወጥ ያስቸግራል።

አክሪሊክን ለብቻው ማንሣት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም የማስታወቂያ ሠሪዎች ዘንድ በቀላሉ የሚገኘው ጥርት ያለ ሉህ እሱ ነው። ለስትረስ የሚሰጠው ምላሽ ከፖሊካርቦኔት ወደ 20 እጥፍ ያንሳል። ከላይ ባለው ናሙና አንድ ፍሪንጅ ለማየት 140 ኪሎ ገደማ ሊጠይቅ ነው፤ ያኔ ስትረሱ ወደ 47 ሜጋፓስካል (ኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር) ይደርሳል፣ ይህም አክሪሊክ ከሚሰበርበት ብዙ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ጀሪካን ሰቅሎ ምንም ቀለም ያጣ ሰው ፖላራይዘሩን ከመጠርጠሩ በፊት ሉሁን ይጠርጥር። መለያው ቀላል ነው፦ ከጫፉ ቀጭን ስባሪ ወስዳችሁ ጥግ ድረስ እጠፉት። ፖሊካርቦኔት ተጣጥፎ ይቀራል፤ አክሪሊክ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ዓይናችሁን ሸፍኑ፣ ስባሪው ይፈናጠራል።

ፖላራይዘር ከየት ይመጣል?

ከተበላሸ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን። ጥገና ቤቶች መስታወቱ የተሰነጠቀ ስክሪን አያጡም፤ ፓኔሉ ፊትና ኋላ አንድ አንድ ፊልም ተለጥፎበታል። የፊተኛው ብዙ ጊዜ ነጸብራቅ ለመቀነስ ደብዘዝ ተደርጎ ስለሚሠራ የኋላው ይሻላል። ከጥግ ጀምራችሁ በዝግታ ላጡት። ሙጫውን በአልኮል አስለቅቁት፤ አሴቶን ግን አታስጠጉት፣ የፊልሙን ሽፋን ያሟሟዋል። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም ያበላሸዋል። ሁለቱን ፊልሞች ደርባችሁ አንዱን አዙሩ፤ ጨለማ እስኪሆን ድረስ ከሄደ ሥራችሁን ይሠራል። ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ፊልሙ አርጅቷል ወይም ሙቀት መትቶታል።

የላፕቶፕ ኤልሲዲ ስክሪን ነጭ ገጽ ከተከፈተበት ራሱ ፖላራይዝ የሆነ ብርሃን ይሰጣል፤ ያኔ አንድ ፊልም ብቻ ይበቃል። የስክሪኑ ነጠብጣቦች በፎቶው ላይ እንዳይታዩ ብሎ ነጭ ወረቀት መሐል ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ ወረቀቱ ብርሃኑን በትኖ ፖላራይዜሽኑን ያጠፋዋል። ናሙናውን ከስክሪኑ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት፣ ነጠብጣቦቹ ከፎከስ ውጪ ይወጣሉ። ፊልሞቹ እርስ በርስ 90 ዲግሪ፣ ከናሙናው መሳቢያ መስመር ጋር ደግሞ 45 ዲግሪ መሆን አለባቸው። በ0 ወይም በ90 ዲግሪ ከተቀመጡ ናሙናው ሙሉ ጀሪካን ተሸክሞም ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ካሊብሬሽን

ካሊብሬሽን ማለት የሉሁን ቋሚ በታወቀ ክብደት ራሳችሁ ማግኘት ነው። ናሙናውን በሁለቱ ጫፍ ሰፋ ያለ ራስ ያለው አድርጉ፤ ራሱ 30 ሚሊ ሜትር፣ ወገቡ 10፣ የወገቡ ርዝመት ቢያንስ 80። በየራሱ መሐል 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በስታችሁ በብሎን አንጠልጥሉት። በክላምፕ መንከስ አይመከርም፤ ክላምፑ ያስጨነቀው ስትረስ ወደ ወገቡ ይወርዳል፣ ትንሽ ከዘመመም ናሙናው ይታጠፋል። መታጠፉ ወዲያው ይታወቃል፦ የወገቡ ግራና ቀኝ የተለያየ ቀለም ያሳያሉ። ቀጥ ብሎ የተሳበ ናሙና ወገቡ ዳር እስከ ዳር በአንድ ቀለም ነው የሚለወጠው። ጀሪካኑ ከወለሉ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ ከሥሩ አሮጌ ጎማ አስቀምጡ።

አሁን ውኃው። ሐምራዊዋ ስትመጣ አቁሙ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ካለፈች ትንሽ ቀንሱ፣ ከዚያ ጀሪካኑን ከነማንጠልጠያው መዝኑ። ቀጥሉ፤ ቀለሙ በሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አድርጎ ቀይና አረንጓዴ የሚገናኙበት ሁለተኛው ድንበር ላይ ይደርሳል። እንደገና መዝኑ። ቋሚው 7 ከሆነ የመጀመሪያው በ7.15 ኪሎ፣ ሁለተኛው በ14.3 ኪሎ ይመጣል። ሦስተኛው 21.4 ኪሎ ስለሚፈልግ ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ብረቱም ተጨምሮ ጫፉ ላይ ነው የሚደርሰው። የስበት ቁጥሩን ባሕር ዳር ላይ 9.78 ውሰዱ፤ በ9.81 የሠራ ሰው 0.3 በመቶ ይሳሳታል፣ በዚህ መጣላት አያስፈልግም።

ቋሚውን ለማግኘት ጭነቱን በኒውተን ወስዳችሁ ለወገቡ ስፋትና ለፍሪንጁ ቁጥር ብዜት አካፍሉ። ውፍረቱ ከሒሳቡ ይወጣል፤ ካሊብሬሽኑ በውፍረት ስሕተት የማይበላሸው ለዚህ ነው። ከአንድ ነጥብ ግን አታስሉ። ሉሁ ከፋብሪካ ሲወጣ የያዘው ቅሪት ስትረስ አለ እንበል፣ የፍሪንጅ አንድ አሥረኛ ያህል። ያኔ የመጀመሪያው ሐምራዊ በ7.15 ሳይሆን በ6.4 ኪሎ ይመጣል፤ ከእሱ ብቻ ያሰላ ሰው ቋሚውን 6.3 ይለዋል። ሁለተኛው በ13.6 ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 7.2 ኪሎ ነው፣ ከልዩነቱ ሲሰላ ቋሚው ተመልሶ 7.0 ይሆናል። ቅሪቱ ሁለቱንም ነጥብ በእኩል ስለገፋቸው ልዩነቱ ውስጥ የለም። ይህ ከዕቃ ሁሉ የሚበልጥ ጥቅም ያለው ልማድ ነው፣ ምንም ወጪ የለውም፤ የሚዘለለውም እሱ ነው።

ቋሚው ከብርሃኑ ቀለም ጋር እንደሚሄድ አትርሱ። በአረንጓዴ ኤልኢዲ፣ 525 ናኖሜትር ላይ፣ 7 የነበረው ወደ 6.2 ይወርዳል። በነጭ ብርሃን ካሊብሬት አድርጎ በአረንጓዴ መለካት 10 በመቶ ያህል ስሕተት ያስከትላል። ነጭ ብርሃን ከሦስት አራት ፍሪንጅ በኋላ ቀለሞቹ ደብዝዘው ሐመር ሮዝና ሐመር አረንጓዴ ብቻ ይሆናሉ፤ ከዚያ በላይ ለመቁጠር ባለ አንድ ቀለም ብርሃን የግድ ነው። የሞተር አምፖል የሚሸጡ ሱቆች ያላቸው አረንጓዴ ኤልኢዲ እስከ አሥር ፍሪንጅ ድረስ ያለ ችግር ያስቆጥራል።

ቀዳዳ ያለበት ናሙና

ካሊብሬሽኑ ከተገኘ በኋላ የመጀመሪያው እውነተኛ ፈተና ይህ ይሁን። ከዚያው ሉህ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ናሙና ቁረጡ፤ መሐሉ ላይ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ። ሙሉ ጀሪካን ከነማንጠልጠያው 200 ኒውተን ያህል ይስባል። ከቀዳዳው ራቅ ብሎ ስትረሱ 2.2 ሜጋፓስካል ነው፤ አንድ ፍሪንጅ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ማለትም ቀይ። ቀዳዳው አጠገብ በቀረው 24 ሚሊ ሜትር ላይ አማካዩ 2.8 ይሆናል፣ የቀዳዳው ማባዣ ደግሞ ለዚህ መጠን 2.5 ነው። ስለዚህ በቀዳዳው ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ 7 ሜጋፓስካል፣ ማለትም ልክ ሦስት ፍሪንጅ መታየት አለበት። ጠርዝ ላይ ወደ ውጪ የሚገፋ ነገር ስለሌለ አንደኛው ዋና ስትረስ ዜሮ ነው፤ እዚያ ልዩነቱና ስትረሱ አንድ ይሆናሉ። ለጀማሪ ቀዳዳ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

መቁጠር የሚጀመረው ከጥቁር ነጥብ ነው። የቀዳዳውን ጠርዝ ከላይኛው ጫፍ ተነሥታችሁ በዓይን ተከተሉ፤ ከመሳቢያው መስመር 30 ዲግሪ ገደማ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለች። ቀዳዳው አራት እንዲህ ያሉ ነጥቦች አሉት። ከነሱ በላይና በታች ጠርዙ ይጨመቃል፣ ወደ ጎን ደግሞ ይሳባል፤ ነጥቧ መጨመቅ ወደ መሳብ የሚለወጥበት ቦታ ናት። ውኃ ብትጨምሩም ብትቀንሱም ቦታዋን አትለቅም። ከእሷ ወደ ጎን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ ቁጠሩ።

በዚህ መካከል ጥቁር ሰፋፊ ጥላዎች ያጋጥማሉ፤ እነዚህ ፍሪንጅ አይደሉም፣ የስትረሱ አቅጣጫ ከፖላራይዘሩ ጋር የገጠመባቸው ቦታዎች ናቸው። መለያው፦ ሁለቱን ፊልሞች አንድ ላይ አዙሩ፣ የሚንቀሳቀሰው ጥላው ነው። ጭነት ለውጡ፣ የሚንቀሳቀሰው ፍሪንጁ ነው። ክብ ፖላራይዘር ያላቸው ሁለት የሦስት ገጽታ (3D) ሲኒማ መነጽሮች ካገኛችሁ ጥላው ጨርሶ ይጠፋል። ለዓይን የሚሆነው ፊት ወደ ውጪ፣ ወደ ስክሪን የሚዞረው ፊት ወደ ናሙናው ይሁን፤ አንዱ የግራ፣ አንዱ የቀኝ ሌንስ ከሆነ ሜዳው ጥቁር ይሆናል።

ሦስቱ ፍሪንጅ ካልሞላ ምን ይጠረጠራል? መጀመሪያ ካሜራው። ቀዳዳውን በማዕዘን ካያችሁት የቀዳዳው ውስጠኛ ግድግዳ ጠርዙን ይሸፍናል፣ የሚጠፋው ደግሞ ሦስተኛው ፍሪንጅ ራሱ ነው። ስልኩን ወደ ሁለት ሜትር አርቃችሁ አጉሉ፤ የካሜራውን ኤክስፖዠርና ዋይት ባላንስ (የብርሃንና የቀለም ማስተካከያ) ቆልፉ፣ አለዚያ በእያንዳንዱ ፎቶ ቀለሙን ስልኩ እንደፈለገ ይቀይረዋል። ግራው ሦስት፣ ቀኙ ሁለት ተኩል ከሆነ ጭነቱ ዘሟል፤ አማካያቸው ብዙውን ጊዜ ይታመናል።

ሳይጫን ቀለም ካለ ደግሞ ጥፋቱ የአቆራረጥ ነው። ሌዘር ፖሊካርቦኔትን ያቃጥላል፣ ጠርዙን ያበጫል፣ ቅሪት ስትረስም ይተክልበታል። በጥቃቅን ጥርስ መጋዝ ሰፋ አድርጎ መቁረጥ፣ ከዚያ የመጨረሻውን አንድ ሚሊ ሜትር በሞረድ መጨረስ ይሻላል። ቀዳዳው በአንድ ጊዜ አይበሳ፤ 3፣ 5፣ 5.5፣ 6 እያለ፣ ከሥሩ እንጨት ተደርጎ፣ በውኃ እየቀዘቀዘ። ከዚያም ካልጠፋ ናሙናውን በጠፍጣፋ መስታወት ላይ አድርጋችሁ በኦቨን 125 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት አቆዩት፤ በየሰዓቱ 10 ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ አብርዱት። ኦቨኑን ቶሎ መክፈት ያጠፋችሁትን ስትረስ መልሶ ይተክለዋል። ፖሊካርቦኔት ወደ 147 ዲግሪ ሲጠጋ ስለሚለሰልስ የኦቨኑን ቴርሞሜትር በሌላ ቴርሞሜትር አረጋግጡ። የተጫነ ናሙናን በአሴቶን ወይም በቲነር አትወልውሉ፣ ዓይናችሁ እያየ ይሰነጣጠቃል፤ ሳሙናና ውኃ ይበቃዋል።

ኢፖክሲ ሌላ ጠባይ አለው። ከተቆረጠ በኋላ ጠርዙ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሳይጫን ፍሪንጅ ያወጣል። ጣና ዳር በክረምት ይህ ፈጣን ነው። በቆረጣችሁበት ቀን ለኩት።

የሃይላንድ ጠርሙስም በፖላራይዘር መካከል በቀለም ያብረቀርቃል፣ የሲዲ ማስቀመጫና የተማሪ ማስመሪያም እንዲሁ። ያ ቀለም አብዛኛው ፕላስቲኩ ገና ትኩስ ሳለ ሲነፋ ወይም ሻጋታ ውስጥ ሲፈስ ሞለኪውሎቹ ተሰልፈው የቀሩበት ነው። በፖሊካርቦኔት ቋሚ አባዝቶ «ጠርሙሱ ይህን ያህል ሜጋፓስካል ተሸክሟል» ማለት ትርጉም የለውም።

ብርሃን የማያሳልፍ ፕላስቲክ

ጀሪካኑ ራሱ፣ የውኃ ቱቦው፣ የሳጥን ክዳኑ ብርሃን አያሳልፉም። እነሱን ለመለካት ላያቸው ላይ ነጠብጣብ ረጭቶ በካሜራ መከታተል ነው፤ ዲጂታል ኢሜጅ ኮሪሌሽን፣ ባጭሩ ዲአይሲ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የዳበረ ዘዴ ነው። ኤንኮር የሚባለው በማትላብ ላይ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ለተማሪ ይበቃል። የሚሰጠው ስትሬን (ከርዝመቱ አንጻር የተለጠጠው መጠን) ነው፣ ስትረስ አይደለም።

ነጠብጣቡ ከሦስት እስከ አምስት ፒክስል ይሁን። ካሜራው አንድ ፒክስል 0.03 ሚሊ ሜትር የሚያይ ከሆነ ነጠብጣቡ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው፤ በጥርስ ብሩሽ የተፈናጠቀ በውኃ የሚቀጥን ጥቁር ቀለም ይህን ያህል ይወጣል። የስፕሬይ ቀለም ፈሳሽ ፖሊካርቦኔትንና አክሪሊክን ያሰነጣጥቃል። ፖሊኢቲሊን ላይ ደግሞ ቀለም አይዝም፤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሹት፣ ነጭ ከሆነ ነጭ መደብ አትቀቡት፣ ጥቁሩን ብቻ ርጩ። ቀለሙ ከአንድ ቀን በላይ ከደረቀ ፕላስቲኩ ሲለጠጥ ይሰነጠቃል፣ ፕሮግራሙም የቀለሙን ስንጥቅ ስትሬን አድርጎ ይቆጥረዋል።

በአንድ ካሜራ ትልቁ ጠላት ናሙናው ወደ ካሜራው ወይም ከካሜራው መሄዱ ነው። ካሜራው በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ናሙናው 1 ሚሊ ሜትር ቢቀርብ 0.2 በመቶ የሐሰት ስትሬን ይፈጠራል። ፖሊኢቲሊን በ5 ሜጋፓስካል የሚለጠጠው 0.5 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ የለካችሁት 40 በመቶው ውሸት ሊሆን ይችላል። በ2 ሜትር ርቀት ያው 1 ሚሊ ሜትር 0.05 በመቶ ብቻ ነው። ካሜራውን አርቁ፣ ሌንሱን አጉሉ። ስልክ ለዚህ አይሆንም፤ መንቀጥቀጥ የሚከላከለው ሌንስ በራሱ ስለሚዋልል ምስሉ ያለ ጭነት ይንሸራተታል። ፎከሱ በእጅ የሚያዝ አሮጌ ዲኤስኤልአር ካሜራ ይሻላል። ሃሎጅን አምፖልም አይሁን፤ ፖሊኢቲሊን በ5 ዲግሪ ሙቀት ብቻ ወደ 0.1 በመቶ የሚጠጋ ይለጠጣል።

ከማንኛውም ሙከራ በፊት ሁለት ፎቶ ያለ ጭነት አንሡና ስትሬኑን አስሉ። ዜሮ መሆን አለበት፤ የሚወጣው ቁጥር የመሣሪያችሁ ጩኸት ነው። ቀጥሎ ናሙናውን ሳትስቡ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ግፉት፤ አሁንም ዜሮ። ሁለተኛው ካልሆነ ካሜራው ከናሙናው ጋር ትይዩ አይደለም። የሚተነተነው ካሬ 31 ፒክስል ገደማ፣ በውስጡ ቢያንስ ሦስት ነጠብጣብ ይኑረው።

ፖሊኢቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ሲለጠጡ አንገት ያወጣሉ፣ ማለትም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይቀጥናሉ። የመሳቢያ ማሽኑ ጠቅላላ ርዝመቱን ስለሚያይ 30 በመቶ ሲል፣ አንገቱ ላይ ያለው ስትሬን ብዙ መቶ በመቶ ሊሆን ይችላል። ፎቶ አራርቆ ያነሣ ሰው ልኬቱ እዚህ ላይ ይቋረጥበታል፣ ነጠብጣቦቹ ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር መመሳሰል ስለሚያቆሙ። አንገቱ ሲጀምር በየሰከንዱ አንሡ፣ የማነጻጸሪያውንም ፎቶ እየቀያየራችሁ ሂዱ።

ስትሬኑን በሠንጠረዥ ላይ ባለ የኢላስቲክ ሞጁለስ (ቁሱ መለጠጥን የሚቋቋምበት ልክ) አባዝቶ ስትረስ ማለት ለብረት ይሄዳል። ለፕላስቲክ ያው ጀሪካን ተሰቅሎ እያለ ስትሬኑ በየደቂቃው ይጨምራል፣ ስትረሱ ግን ብዙም አይለወጥም። ጠዋት በ15 ዲግሪና ከሰዓት በ29 ዲግሪ የተለካ ቱቦም አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጥም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ክብደቱ፣ ከተሰቀለ ስንት ደቂቃ እንደሆነው፣ የክፍሉ ሙቀት። የተሰቀለ ውኃ ደግሞ መብራት ቢጠፋም ጭነቱን አይለቅም፤ ካሜራው በባትሪ እስከሠራ ድረስ ሙከራው ይቀጥላል።